በረካ ለቁርበት

ከቀለማት ሁሉ ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሲጠሩት ግን የሚግደረደር ቡናማ ነው። ቀዩም ሰማያዊውም ገንዘብ ተከፍሎባቸው ከሱቅ የሚገዙ፣ ካልተፈለጉም በዕቃቸው ውስጥ ታሽገው የሚቀመጡ ጨዋዎች ሲሆኑ፣ ቡናማ ግን ለበዓል ከሣጥን በወጣው ነጭ ሸሚዝ ላይ፣ ለእንግዳ በተዘረጋው የገበታ ልብስ ላይ፣ ይልቁንም ለጥምቀት ታጥቦ በታጠፈው ነጠላ ላይ፣ ከሻይ ብርጭቆና ከቡና ሲኒ እየዘለለ ያለ ጥሪ ይሰፍራል፤ ከሰፈረም በኋላ በሳሙና ቢለማመጡት፣ በሎሚ ቢያሹት፣ በፀሐይ ቢያሰጡት የያዘውን ርስት አይለቅም። ይኸው ግብረ ገብ የጎደለው ቀለም በቆዳ ላይ እንዲቀመጥ ሲፈለግ፣ ማለትም ሰው ወዶና ፈቅዶ፣ ጊዜውንና የቤቱን ሰላም ሠውቶ ና ግባ ሲለው፣ ያን ጊዜ በአንዱ ወገን ጠቁሮ በሌላው ወገን ነጥቶ፣ አንዱን ጠርዝ ዘልሎ ሌላውን አጨማልቆ ለማኙን ያሳፍራል።

ወደዚህ ሥራ ያስገባኝ ጡረታ ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ወይ ዕድር ይመራል፣ ወይ የልጆቹን ቤት አስተዳደር ያርማል፣ ወይም በእጁ አንድ ነገር ይሠራል፤ የመጀመሪያው ጠብ፣ ሁለተኛው ኩርፊያ ስለሚያመጣ ሦስተኛውን መረጥሁ። ከአያቴ የወረስሁት የብራና ዳዊት ማኅደሩ አርጅቶ ስፌቱ ስለ ተፈታ፣ አዲስ ልሰፋለት አስቤ በገጠር ያለ አንድ ዘመዴን ብጠይቀው፣ በግራር ቅርፊት የለፋ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ምንም ቀለም ያልነካው ፈዛዛ የፍየል ሌጦ ላከልኝ። አሮጌው ማኅደር ከዘመን ብዛት የተነሣ ጥቁር ሊሆን ጥቂት የቀረው፣ ከውስጡ ደግሞ ቅላት የሚያበራ ጥልቅ ቡናማ ነበረና፣ አዲሱን ወደ አሮጌው መልክ ላደርስ ቆረጥሁ። በሱቅ የሚሸጥ የቆዳ ቀለም ሞልቶ ሳለ ምን ያቦካሃል ያሉኝ አልጠፉም፤ መልሴ አጭር ነው፤ ዳዊት የሚያድርበትን ቤት ምንነቱን በማላውቀው ኬሚካል አልቀባም። ባለቤቴ በዚህ መልስ ላይ ያላት አስተያየት ሌላ ነውና ለጊዜው ይቆየን።

ይህን ግብር የሚንቅ ሰው ቢኖር መጻሕፍትን ይመልከት። ሙሴ ለድንኳኑ መደረቢያ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ቀይ የተነከረ የአውራ በግ ቁርበት እንደ ነበረ በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል። ስለ ቡናማ በዚያ የተነገረ ነገር የለም፤ እኔ እንደሚመስለኝ ግን ዝም የተባለው ስለ ተናቀ ሳይሆን ስለማያስፈልግ ነው፤ ቀዩን ቁርበት ወደ ቡናማ ለመለወጥ የአርባ ዘመን የምድረ በዳ ፀሐይና አቧራ ከበቂ በላይ ነውና። በሐዲስም ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቁርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ሲሆን፣ ቤቱ በባሕር አጠገብ እንደ ነበረ የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። ስለ ምን በባሕር አጠገብ ሆነ ቢሉ፤ አንድም ለቁርበት ማጠቢያ ውሃው እንዲቀርበው፤ አንድም ጎረቤት ስለ ሽታው እንዳይከሰው፤ አንድም፣ ይህ ከሊቃውንት የተቀበልሁት ሳይሆን የራሴ ነው፣ ሚስቱ ከከተማ ስላስወጣችው።

እኛ ግን ፋቂን ከመንደራችን ያራቅነው ለአፍንጫችን አዝነን ብቻ አልነበረም። በጀንዲ ላይ ተኝተን፣ እህላችንን በስልቻ ጭነን፣ ስንቃችንን በአገልግል አስይዘን፣ ዳዊታችንን በማኅደር በትከሻችን አንጠልጥለን ስናበቃ፣ ይህን ሁሉ ቆዳ ያለፋልንን ሰው በጥበቡ ስም እንሰድበው ስለ ነበር፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት ቢያልፈውም ስድቡ ከአፋችን ፈጽሞ አልጠፋም። እኔ ራሴ እጄ እስከ ክርኔ ቡናማ ሆኖ ዕድር በገባሁ ዕለት ሰላምታውን በአንገቱ ብቻ የሰጠኝ ሰው ስንት እንደ ነበር የማውቅ እኔ ነኝ።

በቤቱ ቡናማ የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ መመርመር ያለበት ቀለሙን ሳይሆን ቆዳውን ነው። ከሞጆና ከመሰሎቿ ፋብሪካዎች የሚወጣው ቆዳ አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው፤ ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1884 በአሜሪካ በፈጠራ መብት ከተመዘገበ ወዲህ ዓለምን ያዳረሰ፣ ሳምንታትና ወራት ይፈጅ የነበረውን ማልፋት እጅግ ያሳጠረ በመሆኑ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን ቆዳው ከክሮሙ በርሜል ሲወጣ ሰማያዊ ነው፣ ከዚያም ላይ የፋብሪካ ቀለምና ልባስ ስለሚደረብለት፣ የሻይ ውሃ ቢያፈሱበት ተንከባሎ ይወርዳል እንጂ አይገባበትም። በዕፅ የለፋው ሌጦ ግን ራሱ ታኒን ጠጥቶ የጠገበ ስለሆነ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ቢያሳርፉበት ወዲያው ጠቆር ብሎ ይመጠዋል፤ መለያውም ይኸው ነው። የሻይውም፣ የግራር ቅርፊቱም፣ የአቮካዶው ፍሬም ቡናማነት ከዚያው ከታኒን ወገን በመሆኑ፣ ቀለሙ ወደ እንዲህ ያለው ቆዳ ሲገባ ወደ ባዕድ አገር ሳይሆን ወደ ዘመዶቹ ይገባል። ሕንዶች ከግራር ዘር ከሆነ ዛፍ እንጨት ቀቅለው የሚያወጡት ካች የተባለ ቡናማ የመርከብ ሸራና የዓሣ መረብ ሲነከርበት የኖረው በዚሁ ምሥጢር ነው።

ለጀማሪ የሚቀርበው ሻይ ነው፤ ከውሽውሽ ይምጣ ከጉመሮ፣ ለቆዳ አይገደውም። በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት እፍኝ ያህል ቅጠል ጥሎ ግማሽ ሰዓት ማፍላት፣ ከነቅጠሉ ማሳደር፣ በማለዳ በጨርቅ ማጥለል ነው፤ በዚህ መንገድ የሚገኘው ፈሳሽ ለእንግዳ ቢቀርብ ደም የሚያቃባ ነው። ድስቱ ብረት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ብረት ከታኒን ጋር ሲገናኝ ቡናማውን ወደ ጥቁር ስለሚጎትተው ሸክላ ይመረጣል፤ ይህንንም ለባለቤቴ በዝርዝር ባስረዳኋት ጊዜ፣ የዶሮ ወጥ የሚሠራበትን የሸክላ ድስት በእጇ ይዛ ቆማ ስለ ነበር ማስረዳቱ ብዙ ፍሬ አላፈራም፤ በኋላ ከገበያ ሌላ ድስት ተገዝቶ በጓሮ እንዲኖር ተፈረደ።

ቆዳውን አስቀድሞ በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር ማራስ ግድ ነው፤ ያለዚያ የመጀመሪያው እጅ ያረፈበት ሥፍራ ቀለሙን ለብቻው ይጠጣና ነቁጥ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በሱፍ ጨርቅ እያዞሩ መቀባት ነው። ጠጋ ብለው ቢያዩት፣ ጸጉር በቅሎባቸው የነበሩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከሌላው ቀድመው ይጠቁራሉ፤ የጀርባው መስመር ይዘገያል፤ በሆዱ በኩል ያለው ስስና ልል ክፍል ደግሞ ያለ ልክ ይጠጣል፤ እርጥቡም ሌጦ ለአንድ አፍታ የተመኙትን ጥልቅ ቡናማ ከነቅላቱ ያሳያል። ከዚያ መድረቅ ይጀምራል። ቡናማው ከጠርዝ ወደ መካከል እየሸሸ፣ መሸሻውንም በቀጭን ጥቁር መስመር እየከተበ ሄዶ ሄዶ፣ በመጨረሻ በእጅ የሚቀረው ሻይ ነክቶታል ወይስ አልነካውም የሚያሰኝ ፈዛዛ ነገር ነው። ጀማሪ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ሰዓት ነው። ይልቅስ ደግሞ ይቀባ፣ ደግሞ በጥላ ያድርቅ፣ ደግሞም ይቀባ፤ ፀሐይ ላይ ካወጣው ግን ሌጦው ደርቆ ይኮማተራል።

ዕድሜያቸውን ሁሉ ሒሳብ ያስተማሩ ጎረቤቴ መምህሩ ይህን መደጋገም አይተው፣ ነገሩ በአጭር ስሌት ሊፈታ ሲችል በረጅሙ እንደ ደከምሁበት ነገሩኝ። ወደ ቤታቸው ሄደው በዕፅ የለፋ ጥሩ የበሬ ቆዳ ቀበቶ በሚንተከተክ ሻይ ውስጥ ነከሩ። እንዲህ ያለ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ሙቀቱ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ወደ ፍላት ሲቀርብ፣ ክሮቹ በድንገት ተሰብስበው መኮማተሩ የባሕርዩ ነው፤ ስለዚህም ቀለሙ እጅ እስኪችለው ድረስ ሳይበርድ ከቆዳ ጋር አይገናኝም። የመምህሩ ቀበቶ ከድስት ሲወጣ እንደ ቋንጣ ተጠምዝዞ ወጣ። ቡናማስ ቡናማ ሆኗል፣ ይህን የካደ የለም፤ ወገቡ የሚገጥመው ግን ከልጅ ልጃቸው በቀር በቤቱ አልተገኘም።

መምህሩ የሚበገሩ ሰው ስላልሆኑ ሁለተኛ ቀበቶ አመጡ፤ በዚህኛው በቀዝቃዛ ሻይ እንደሚሠሩ ቃል ገቡልኝ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ አጥር ላይ ብቅ ብለው ጠሩኝና፣ በግድግዳ የተሰቀለውን ቀበቶ በሰልፍ የሚዞሩትን ጉንዳኖች አሳዩኝ።

«መምህር፣ ስኳር ነበረበት እንዴ?» አልኋቸው።

«ከቁርስ የተረፈ ሻይ ነው፤ ይደፋ እንዴ ታዲያ?»

«ስንት ማንኪያ ያደርጉበታል?»

«እንደ ልማዴ ነዋ፤ ሦስት» አሉኝ፤ ጉንዳኖቹንም በዓይናቸው ይቆጥሩ ጀመር።

ቡናን በተመለከተ የሕዝቡ ግምት ከፍ ያለ ነው። የቡናማ ሁሉ ምንጭ እርሱ ይመስላል፤ በነጭ ልብስ ላይ ያለውንም ጽናት ሁሉም ቀምሶታል። በቆዳ ላይ ግን ከሻይ የሚያንስ፣ ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ገለባ የሚያደላ መልክ ነው የሚሰጠው፤ ያለው ብልጫ መዓዛው ነው። ይህን ለማረጋገጥ የአቦሉን ጀበና ይዤ በጓሮ በር ስወጣ ባለቤቴ አየችኝ። እርሷ በደኅና ቀን አንተ የምትለኝ፣ ስትቆጣ ግን በፍጹም ጨዋነት ወደ አንቱታ የምትሸጋገር ሴት ናት።

«ጀበናውን ይዘው ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ለማኅደሩ ጥቂት ልሞክር ብዬ ነበር።»

«አቦል ለሰው ነው። ቶናም ለሰው ነው። ለቁርበት በረካ ይበቃዋል።»

በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ የለም። በረካ ምን ያህል እንደሚቀጥን የሚያውቅ ሁሉ ከዚያ ምን ዓይነት ቡናማ እንደሚገኝ ሊገምት ይችላል፤ አተላውን ግን ሳትቆጥር ስለ ሰጠችኝ፣ በለብታ ውሃ ዘፍዝፌ በሻይው ላይ ደርቤበት ማኅደሩ ለሳምንት ያህል የቡና ቤት ሽታ ሸተተ። በዚያው ሰሞን ከሌጦው የተረፈች፣ እኔ ፈጽሞ ያልቀባኋት አንዲት ቁራጭ በባለቤቴ እጅ ገብታ በመስኮቱ ሥር የጀበና ማሳረፊያ ሆና ነበር። ወራት ካለፉ በኋላ አንሥቼ ባያት፣ የጀበናው ሙቀት፣ የሚንጠባጠበው ቡና፣ ከእጅ የሚነካት ቅባት፣ ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ተባብረው፣ እኔ በስንት ድካም የፈለግሁትን ያን የአያቴን ማኅደር ቡናማ፣ ከነቅላቱ፣ ሰጥተዋታል።

ይህ ነገር ብዙ አሳሰበኝ። በዕፅ የለፋ ቆዳ በብርሃን፣ በአየርና በቅባት ብቻ ዓመት በዓመት እየጠቆረ እንደሚሄድ ማወቁንስ አውቃለሁ፤ አያቴም ማኅደሩን በሻይ አልቀባውም፤ በዘመኑ ሻይ በዚያ አገር መኖሩንም እጠራጠራለሁ። ትከሻው፣ ላቡ፣ የጧፍና የዕጣን ጢሱ፣ በክረምት የጎጆው ጭስ ቀለሙን ሠርተውለታል። እንግዲህ እኔ በጓሮ ድስት ጥጄ የማደርገው ነገር ቀለም ማውጣት ሳይሆን፣ አያቴ ያለ ሐሳብ የኖረውን ዘመን በአንድ ወር ለመኖር መጣደፍ መሆኑ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ሥራውን ተውሁት ወይ ቢሉ፣ አልተውሁትም፤ ጡረተኛ ነኝና ሌላ ስድሳ ዓመት ለመጠበቅ ያለኝ ዋስትና አነስተኛ ነው። ቁራጯን እንኳ ለማኅደሩ ክዳን ላድርጋት ብዬ ብለምን፣ ባለቤቴ ጀበናዋ ሌላ ማሳረፊያ እንደማይስማማው ነግራኛለች።

ስለ ቀሩት በአጭሩ ልናገር። የሽንኩርት ልጣጭ ወደ ብጫ የሚያዘነብል ወርቃማ ቡናማ ይሰጣል፣ በሽብ ውሃ ካጠናከሩትም ይደምቃል። ቅቤ ሲነጠር የሚገባው የመቅመቆ ሥር ቀላ ያለ ነገር አለው። ሴቶች እጅና እግራቸውን የሚያሞቁበት እንሶስላ፣ ቆዳ ሁሉ ቆዳ ነውና፣ በሌጦም ላይ ይይዛል፤ ነገር ግን ሙሽራ ያልሆነ ሽማግሌ እንሶስላ ሲገዛ ገበያው ዝም ብሎ አያሳልፈውም። የአቮካዶ ፍሬ ተከትፎ ረጅም ሰዓት ሲቀቀል መጀመሪያ እንደ ዋዛ ሮዝ የሚመስል፣ እየቆየ ግን ወደ ቀይ ቡናማ የሚጠልቅ ውሃ ይወጣዋል፤ በአዲስ አበባም ጁስ ቤት የሌለበት መንደር ስለማይገኝ ፍሬው በነጻ ነው። በነጻ መሆኑ ግን ያለ ዋጋ ነው ማለት አይደለም። ፍሬውን በማዳበሪያ ከረጢት ያቀበለኝ ልጅ «ጋሼ፣ ለመድኃኒት ነው?» ቢለኝ፣ «ለዳዊት ማኅደር ነው» አልሁት፤ ዳዊት፣ ሥር፣ ቅጠልና ድስት በአንድ ሰው ቤት መሰብሰባቸው ለመንደሩ ሌላ ትርጓሜ ስለ ሰጠው፣ በሳምንቱ አንዲት እናት ለጉልበታቸው ቁርጥማት የሚሆን ጥቂት ሊለምኑኝ መጡ። የሻይ ቀለም ነው ብዬ ብምል አላመኑኝም፤ ምሥጢሩን እንደ ደበቅሁባቸው ቆጥረው ቅር ብሏቸው ሄዱ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የምስማሩ ውሃ ነው። የዛገ ምስማር በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ሳምንት ያህል ማቆየት ነው፤ ጠርሙሱን ግን አጥብቆ መክደን አይገባም፤ ብረቱ ከኮምጣጤው ጋር ሲሟገት ጋዝ ስለሚያወጣ ክዳኑን ለቀቅ አድርጎ መተው ብልህነት ነው። የሚወጣው ውሃ ስስና ለዓይን የማይሞላ፣ ማንም ቢያየው የማይጠረጥረው ነው። ሻይ በጠጣው ሌጦ ላይ በላባ ጫፍ አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርጉት፣ ሦስት ጊዜ እግዚኦ እስኪሉ ድረስ እንኳ አይቆይም፤ መስመሩ ግራጫ፣ ከዚያ የመሸ ሰማይ መልክ፣ ከዚያም ጥቁር ይሆናል። ለብዙ መቶ ዓመታት አውሮጳውያን የጻፉበት ቀለም ከብረትና ከታኒን የተሠራ ይኸው ነበር፤ ሲበዛ ወረቀቱን በልቶ እንደሚበሳ የመዛግብት ጠባቂዎቻቸው በኀዘን ይናገራሉ። ቡናማ ፈላጊ እንግዲህ አንድ ማንኪያ ምስማር ውሃ በብዙ ውሃ አቅጥኖ ማለፍ አለበት፤ ያን ጊዜ ቅላቱ ዝቅ ብሎ፣ ጥላ ያረፈበት፣ ዕድሜ ያለው የሚመስል ቡናማ ይወጣል። ቀላ እንዲል የፈለገ ደግሞ በቀጭን የአመድ ውሃ ወይም በጥቂት የዳቦ ሶዳ ያልፈዋል፤ ነገር ግን የቆዳ ባሕርይ ወደ ኮምጣጣነት ያደላ ነውና አመዱ ከበዛበት ሻክሮ ይሰነጠቃል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማለስለስ ነው። ተደጋግሞ የረጠበና የደረቀ ሌጦ ይጠነክራል፤ እያሹ፣ እያጣጠፉ፣ ቅባት እያጠጡ መመለስ ያስፈልጋል። ከጥንት ጀምሮ ቅቤ፣ ጉሎና ኑግ አሉ። ቅባት ቀለሙንም በአንድ ደረጃ ስለሚያጠቁረው፣ ከመጨረሻው ቅብ በፊት የተፈለገው ቡናማ ላይ መድረስ ስሕተት ነው፤ ጥቂት ነጣ ብሎ እንዲቆይ መተው ይገባል። ቅቤ የጠየቅሁ ዕለት ባለቤቴ የሰጠችኝን መልስ ከአንቱታው ብዛት የተነሣ እዚህ አልጽፈውም፤ በኑግ ዘይት ሠራሁ። ደግሞም አዲስ የተቀባ ማኅደር በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ ተወልውሎ፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ከነጠላ ጋር አይገናኝም።

ማኅደሩን አንግቤ በዐቢይ ጾም መግቢያ ቤተ ክርስቲያን በሄድሁ ጊዜ፣ ከቅዳሴ በኋላ በዋርካው ሥር የተቀመጡት መሪጌታ ጠርተው ተቀበሉኝ፤ ስፌቱን በጥፍራቸው ሞከሩ፣ ክዳኑን ከፈቱ ዘጉ፣ ወደ ብርሃን አዙረው ኅብሩን አዩ፣ በመጨረሻም ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

«ልጄ፣ ያለሰለስኸው በቅቤ ነው በዘይት?»

«በኑግ ዘይት ነው፣ የኔታ።»

«እሰይ። በቅቤ ቢሆን ኖሮ በሁዳዴ ዳዊቱን ከምን ውስጥ ልታወጣው ነበር?»

«ግን የኔታ» አልሁ፣ ትንሽ ደፍሬ፤ «ሌጦውስ የፍየል አይደለም ወይ? ብራናውስ ቢሆን?»

መሪጌታ ማኅደሩን መለሱልኝ።

«ፍየሏማ ገድሏን ፈጽማ ዳዊት ተጽፎባታል፤ እኔ የጠየቅሁህ ስለ ቅቤው ነው» አሉኝ።